ከዓድዋ ወንዝ እስከ ሜንሎ ፓርክ፦ የሕክምና ምርምር እንዴት ይጻፋል፣ መቼስ ይታተማል?

በኦክላንድ ለኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ የተሰጠ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



ከሳን ሆዜ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ በ101 አውራ ጎዳና የምትመላለሱ ሁሉ ሜንሎ ፓርክን አልፋችሁ ነው የምትሄዱት። በዚያች ከተማ የስታንፎርድ ምርምር ኢንስቲትዩት ይባል የነበረ ትልቅ የምርምር ተቋም አለ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሮበርት ፓርክኸርስት የሚባሉ ኬሚስትና ባልደረቦቻቸው እዚያ ላቦራቶሪ ውስጥ ሆነው እናቶቻችን ልብስ ሲያጥቡበት የኖሩትን እንዶድ ይመረምሩ ነበር። በፍሬው ውስጥ ቀንድ አውጣ የሚገድለውን ንጥረ ነገር ነጥለው አወጡና በ1974 በካናዳ የኬሚስትሪ ጆርናል ሲያሳትሙት «ለማቶክሲን» ብለው ሰየሙት። ስያሜው ለዶክተር አክሊሉ ለማ መታሰቢያ ነው። ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልናገር።

የተጋበዝሁት የሕክምና ምርምር ወረቀት እንዴት ተጽፎ ለኅትመት እንደሚበቃ እንዳስረዳ ነው። በአዳራሹ ነርሶች፣ ፋርማሲስቶች፣ የላቦራቶሪ ባለሙያዎችና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አላችሁ፤ ከሕክምና ሙያ ውጭ የሆናችሁም ብዙ ናችሁ። ጉዳዩ የሁላችንም ነው ብዬ አምናለሁ፤ የምንውጠው ክኒን ሁሉ አንድ ቀን ወረቀት ላይ ተጽፎ፣ ተገምግሞ፣ ታትሞ የመጣ ነውና። ደረቅ ደንብ ከምደረድርላችሁ የእንዶድን ጉዞ ብንከተል ይሻላል። አንድ ወረቀት የሚያልፍበት ነገር ሁሉ በዚህ ታሪክ ውስጥ አለ፤ ጥሩ ሥራ ዘግይቶ ሲታተም ምን እንደሚያስከፍልም በግልጽ ይታያል።

በ1964 አክሊሉ ገና ወጣት ሳይንቲስት ነበሩ። የዶክትሬት ትምህርታቸውን በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ጨርሰው ብልሃርዚያን ለማጥናት ዓድዋ ወረዱ። ብልሃርዚያ የሚያመጣው ትል ወደ ሰው ከመግባቱ በፊት በወንዝ ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድጋል። ከቀንድ አውጣው የወጣው እጭ ውኃ ውስጥ የቆመን ሰው ቆዳ ሰርስሮ ይገባል፤ ውሎ አድሮ አንጀትንና ጉበትን ይጎዳል። ወንዝ የሚሻገር፣ የሚዋኝ፣ ውኃ የሚቀዳ ልጅ ሁሉ ለዚህ የተጋለጠ ነው። አክሊሉ በወንዙ ዳር ሲመላለሱ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ከሌላው ስፍራ በርክተው አዩ። ከላይኛው ወንዝ በሕይወት ያሉትን ለቀሙና ከአጣቢዎቹ አንዷ የእንዶድ አረፋ እንድታፈስባቸው ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ያን ቀን የተገኘው ዕውቀት ገና የሁለት ሰው ዕውቀት ነበር፤ የአንዲት ልብስ አጣቢና የአንድ ተመራማሪ። ካይሮ ያለ ሐኪም ወይም ብራዚል ያለ ጤና ባለሙያ ሊጠቀምበት ከተፈለገ፣ አክሊሉን የማያውቅ፣ ምናልባትም የማያምናቸው ሰው በራሱ እጅ ሊደግመው በሚችል መንገድ መጻፍ አለበት። የምርምር ወረቀት ከሌላው ጽሑፍ የሚለየው በዚህ ነው፤ ተጠራጣሪ እንዲፈትነው ተብሎ ይጻፋል።

እስቲ ያችን የወንዝ ዳር ሙከራ እንጻፋት። «እንዶድ ቀንድ አውጣ ይገድላል» ብሎ መጻፍ ለወሬ ይበቃል፤ ለወረቀት አይበቃም። ፍሬው እሸት ነው ወይስ የደረቀ? ተወቅጦ ነው ወይስ ተዘፍዝፎ? ስንት ግራም በስንት ሊትር ውኃ? ቀንድ አውጣዎቹ የየትኛው ዝርያ ናቸው፣ መጠናቸውስ? ስንት ነበሩ፣ ስንት ሰዓት ቆዩ፣ ስንቱ ሞተ? ሞቱ የተባለውስ በምን ታውቆ ነው? ቀንድ አውጣ ደንግጦ ዛጎሉ ውስጥ ቢሸሸግም የሞተ ይመስላልና ወደ ንጹሕ ውኃ መልሶ ማቆየት ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ በዚያው ሰዓት በዚያው ዓይነት ዕቃ እንዶድ በሌለው ውኃ የተቀመጡት ስንት ነበሩ፣ ከእነሱስ ስንቱ ሞተ? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ካልተመለሰ የቀሩት መልሶች ዋጋ የላቸውም። ሙቀቱ ወይም የዕቃው ዝገት ገድሏቸው እንደሆነ ማን ያውቃል?

ይህ ሁሉ «ዘዴ» በሚባለው ክፍል ይገባል። ወጣቶች ረቂቅ ሲያሳዩኝ አስቀድሜ የማነብበው እሱን ነው። መግቢያው ያማረ፣ ውይይቱ የተራቀቀ ሆኖ ዘዴው በሦስት መስመር ያለቀ ረቂቅ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። ምክሬ ከሠንጠረዡ ጀምሩ ነው። ቁጥሮቻችሁን ደርድሩ፤ ከዚያ ዘዴውን፣ ቀጥሎ ውጤቱን ጻፉ። መግቢያና ውይይት ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። አጽሕሮቱ በመጨረሻ ይጻፍ፤ ነገር ግን ብዙው አንባቢ ከእሱ አልፎ እንደማይሄድ አስታውሳችሁ በጥንቃቄ ጻፉት። በውይይቱ ውስጥ ደግሞ የሥራችሁን ጉድለት ራሳችሁ ተናገሩ። እንዶድ ቀንድ አውጣ ብቻ ሳይሆን ዓሣም ይገድላል። ይህን የደበቀ ወረቀት፣ እውነቱ በሌላ ሰው እጅ የወጣ ዕለት፣ የቀረው ቃሉም አይታመንም።

አክሊሉ የመጀመሪያውን ዘገባ በ1965 አሳተሙ። ያሳተሙት በለንደን ወይም በኒው ዮርክ ሳይሆን አዲስ አበባ በሚታተመው በኢትዮጵያ ሕክምና ማኅበር ጆርናል ነው። ጆርናሉ ሲመሠረት 1962 ነበር፤ ገና የሦስት ዓመት ልጅ መሆኑ ነው። ዘገባው አራት ገጽ ብቻ ናት፤ ርእሷም ቅድመ ዘገባ መሆኗን ይናገራል። ይህን ምርጫ አከብራለሁ። ግኝቱ የኢትዮጵያ ነው፤ በሽታውም የኢትዮጵያ ሐኪም በየቀኑ የሚያየው ነው፤ አስቀድሞ ማወቅ የሚገባውም እሱ ነው። ሰፊው የላቦራቶሪና የመስክ ጥናት በ1970 በዓለም ጤና ድርጅት ቡለቲን ወጣ፤ በዚያ በኩል ለዓለም ደረሰ። አጭሩንና አስቸኳዩን ለአገር፣ ሰፊውን ለዓለም፤ ዛሬም ቢሆን ከዚህ የተሻለ ቅደም ተከተል አልመክርም።

ከዚያ በኋላ ያለው የታሪኩ ክፍል ግን ያሳዝነኛል።

ከ1969 እስከ 1974 ድረስ በዓድዋ አምስት ዓመት የፈጀ የመስክ ሥራ ተካሄደ። የከተማዋ ወንዞች በእንዶድ ታከሙ፤ የነዋሪው ሰገራ እየተመረመረ በሽታው ተለካ። ዕድሜያቸው ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ከሆኑ ሕፃናት መካከል በጥናቱ መጀመሪያ ግማሾቹ፣ ማለትም 50 በመቶው፣ ብልሃርዚያ ነበረባቸው። በመጨረሻው 7 በመቶ ደረሰ። እነዚህን ሕፃናት ማየት ለምን እንደሚጠቅም ልብ በሉ። ትልቅ ሰው ትሉን ከጥንት ጀምሮ ተሸክሞት ሊሆን ይችላል፤ ሕፃን ግን በቅርብ የተያዘ ነውና፣ ወንዙ አሁንም በሽታውን ያስይዛል ወይስ አያስይዝም የሚለውን በቀጥታ ይነግረናል። አቅዶ የሠራው ሰው ያወቀበት ነው።

ይህ ውጤት የት ታተመ? በ1975 ካይሮ ላይ በተደረገ ጉባኤ ቀረበ፤ የጉባኤው ጥራዝ የወጣው በ1978 ነው። እንደዚህ ያለ ጥራዝ በጥቂት ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ፈልጎ የሚያገኘው ጉባኤውን የሚያውቅ ሰው ነው። በገምጋሚዎች እጅ አልፎ ጆርናል ላይ የወጣው በ1983 ነበር። ሥራው ካለቀ ዘጠኝ ዓመት መሆኑ ነው! በመካከሉ አብዮት ፈነዳ፤ ተመራማሪዎች ተበታተኑ፤ አክሊሉም ከአገር ወጥተው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ተቀጠሩ። ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ነገር ግን በእነዚያ ዘጠኝ ዓመታት ውስጥ ፕራዚኳንቴል የሚባል ጥሩ መድኃኒት መጣ፤ በ1980ዎቹ አጋማሽም የዓለም ጤና ድርጅት ቀንድ አውጣን ከመግደል ይልቅ ሰውን በመድኃኒት ወደ ማከም አዘነበለ። እንዶድ ወደ መድረኩ ሲደርስ ወንበሩ ተይዞ ነበር። ለእንዶድ መዘግየት ምክንያቱ የኅትመት ጉዳይ ብቻ ነው አልልም። ግን ያ ቁጥር፣ ከ50 ወደ 7 የወረደው ቁጥር፣ በ1976 በታወቀ ጆርናል ታትሞ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር ብዬ በጽኑ አምናለሁ።

ሌላም እንቅፋት ነበር። ከአዲስ አበባ የወጣ የደኅንነት ምርመራ፣ እንዶድ ለሰውና ለከብት ጉዳት አለው ወይስ የለውም የሚለው ማለት ነው፣ እንደገና በውጭ ላቦራቶሪ ይሠራ ተባለ። በዚያ ዘመን «ጥሩ የላቦራቶሪ አሠራር» የሚባለው መመዘኛ እየጠነከረ መጥቶ ነበር፤ መመዘኛው በራሱ ትክክል ነው። ግን መመዘኛውን የሚያሟላ ላቦራቶሪ ለማቋቋም ገንዘብ የሚሰጥ አልነበረም። አክሊሉ በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ሲቀበሉ ይህንኑ ተናገሩ። የአፍሪካ ሳይንስ ችግር የገንዘብና የመሣሪያ እጦት ብቻ አለመሆኑን፣ ከዚያ ምድር ጥሩ ሳይንስ ሊወጣ ይችላል ብሎ ለማመን የሚቸገሩ ሰዎችና ድርጅቶች መኖራቸውንም ገለጹ። የደኅንነቱ ጥናት በ1991 ታተመ። ከደራሲዎቹ መካከል ለገሠ ወልደ ዮሐንስ አሉ፤ የሜንሎ ፓርኩ ፓርክኸርስትም አሉ። ከመጀመሪያዋ አራት ገጽ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኗል።

እንግዲህ ዛሬ አንድ ረቂቅ ወደ ጆርናል ሲላክ ምን ይገጥመዋል? አስቀድሞ ኤዲተሩ ያየዋል፤ ብዙው እዚያው ይመለሳል። ስመ ጥር የሆኑት ጆርናሎች ከሚቀርብላቸው ከአሥር አንዱን እንኳ አይቀበሉም። ያለፈው ለሁለት ወይም ለሦስት ገምጋሚዎች ይሄዳል፤ እነሱም የሙያ አቻዎች ናቸው፣ ብዙውን ጊዜ ያለ ክፍያ ይሠራሉ። ወራት ይፈጃል። የሚመጣው ደብዳቤ አንዳንድ ጊዜ ይመርራል። ያን ቀን አትመልሱ፤ አስቀምጡት፤ ሳምንት ሲያልፍ የገምጋሚውን ቃል አንድ በአንድ እየጻፋችሁ ከሥሩ ምን እንዳስተካከላችሁ፣ ያልተስማማችሁበትን ደግሞ ለምን እንደሆነ በትሕትና ንገሩት። ገምጋሚው ያልገባው ነገር ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ አጻጻፋችሁ ግልጽ ስላልነበረ ነው። ውድቅ ከተደረገ አሻሽሎ ወደ ሌላ መላክ ይገባናል፤ በአንድ ጊዜ ለሁለት ጆርናል መላክ ግን ክልክል ነው። ኢሜል ልከው «በአምስት ቀን እናትምልሃለን፣ ክፈል» ከሚሏችሁ ደግሞ ራቁ፤ ገምጋሚ የሌለው ጆርናል ገንዘባችሁንም ሥራችሁንም ይበላል።

ስለ ስም ትንሽ ልበል፤ እኛን በተለይ የሚመለከት ነውና። አክሊሉ በዓለም መዛግብት የሚገኙት በአባታቸው ስም «ለማ» ተብለው ነው። የእኛ ስም አወጣጥ የቤተሰብ ስም የለውም። አንዱ ጆርናል በአባት ስም ይመዘግበናል፤ ሌላው በአያት ስም። አሜሪካ መጥታ የባሏን ስም የወሰደች እህት ደግሞ ሌላ ሰው ትሆናለች። የአንድ ሰው ሥራ በሦስት ሰው ስም ተከፋፍሎ ይቀራል። ከ2012 ጀምሮ ኦርኪድ የሚባል፣ ለእያንዳንዱ ተመራማሪ በነፃ የሚሰጥ ባለ አሥራ ስድስት አሃዝ መለያ ቁጥር አለ። የመጀመሪያውን ረቂቅ ከመላካችሁ በፊት አውጡት፤ የስማችሁን አጻጻፍ ምረጡና እስከ መጨረሻ በዚያው ጽኑ።

ደራሲ የሚባለውስ ማን ነው? የሕክምና ጆርናል ኤዲተሮች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ መልስ አለው። በሥራው ላይ ጉልህ ድርሻ ያለው፣ በመጻፍ ወይም በማረም የተሳተፈ፣ የመጨረሻውን ጽሑፍ ያጸደቀ፣ ስለ ጽሑፉም ተጠያቂ ለመሆን የተስማማ፤ አራቱንም ያሟላ ሰው ደራሲ ነው። አለቃ ስለሆነ ብቻ ስሙ የሚገባ ሰው ሊኖር አይገባም። ጥናቱን አብራ ያቀደች፣ ቁጥሩን የሰበሰበችና ረቂቁን ያረመች ነርስም ስሟ ሊቀር አይገባም። የዓድዋዎቹ ሴቶች በዚህ ደንብ ደራሲ አይሆኑም፤ ግን ታሪኩ በተነገረ ቁጥር «ልብስ አጣቢዎች» ተብለው ማለፋቸው ልቤን ይነካዋል። ዛሬ እንዲህ ያለ ሥራ የሚጽፍ ሰው፣ ዕውቀቱን የሰጡትን ሰዎች ፈቃዳቸውን ጠይቆ በስማቸው የማመስገን ግዴታ አለበት እላለሁ።

ሌላው ትልቅ ጉዳይ የታተመውን ማን ያነብበዋል የሚለው ነው። በዚህ ክርክር ውስጥ የምንኖርበት አካባቢ ግንባር ቀደም ሆኗል። ለብዙ ዘመን የሕክምና ወረቀት ከክፍያ ግንብ ጀርባ ነበር፤ የጎንደር ወይም የጅማ ሐኪም ስለራሱ በሽተኞች የተጻፈውን ለማንበብ ዶላር ይጠየቅ ነበር። በ2000 መጨረሻ ሳይንቲስቶቹ ሃሮልድ ቫርመስ፣ የስታንፎርዱ ፓትሪክ ብራውንና የበርክሌዩ ማይክል አይዘን ይህ እንዲቀር የሚጠይቅ ግልጽ ደብዳቤ አሰራጩ፤ ከ180 አገሮች ወደ 34 ሺህ የሚጠጉ ሳይንቲስቶች ፈረሙበት። አሳታሚዎቹ ባለመንቀሳቀሳቸው መሥራቾቹ ፕሎስ የሚባለውን ድርጅት እዚሁ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ አቋቁመው በ2003 የራሳቸውን ጆርናል ጀመሩ። በ2007 ደግሞ ችላ ለተባሉ የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ብቻ የተሰጠ ጆርናል ከፈቱ፤ ብልሃርዚያ ከእነዚያ በሽታዎች አንዱ ነው። እዚህ ኦክላንድ ዋና ጽሕፈት ቤቱ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲም በ2019 ከግዙፉ አሳታሚ ከኤልሲቪየር ጋር የነበረውን ውል አቋረጠ፤ በ2021 የተስማሙት የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪዎች ሥራ ለሁሉም ክፍት ሆኖ እንዲታተም ነው። ለአንባቢ ነፃ ሲሆን ግን ክፍያው ወደ ጸሐፊው ዞሯል፤ በሺህ የሚቆጠር ዶላር ይጠየቃል። ብዙ ጆርናሎች ከድሃ አገር ለሚጽፍ ክፍያውን ይምራሉ፤ አገር ቤት ካሉ ባልደረቦች ጋር ስትሠሩ ረቂቁን ከመላካችሁ በፊት ይህን ጠይቁ።

አንዳንዶቻችሁ «እኔ የሌሊት ፈረቃ ነርስ ነኝ፤ ላቦራቶሪ የለኝም» ትሉ ይሆናል። ለመጻፍ ግን ሁልጊዜ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ታኅሣሥ 10 ቀን 1982 የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማእከል በሳምንታዊ ዘገባው ስለ አንድ የሃያ ወር ሕፃን አጭር ጽሑፍ አወጣ። ሕፃኑ የሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ልጅ ነበር፤ እንደተወለደ ደጋግሞ ደም ተሰጥቶታል፤ ከደም ለጋሾቹ አንዱ በኋላ በኤድስ ታሟል። የቫይረሱ ማንነት ገና አልታወቀም ነበር። ዘገባው የአንድ ሕፃን ታሪክ ነው፤ ስታቲስቲክስ የለውም። ሆኖም በሽታው በደም ሊተላለፍ ይችላል የሚለውን ሥጋት ለአገሩ ሁሉ በጽሑፍ ካደረሱት አንዱ እሱ ነው። የደም መመርመሪያ የተፈቀደው በ1985 ነበር፤ በመካከሉ ባሉት ዓመታት ማስጠንቀቂያው ቀድሞ መታተሙ ምን ያህል ያስፈልግ እንደነበር አስቡት።

እናንተም በኦክላንድና በሳን ሆዜ ክሊኒኮች ሌላው ሐኪም የማያየውን ታያላችሁ። ከአገር ቤት ይዞት የመጣውን የብልሃርዚያ ትል ሳያውቅ ዓመታት የቆየ፣ ጉበቱ የታመመበት ምክንያት የጠፋበት ሰው ሲመጣ፣ «በልጅነትህ ወንዝ ትዋኝ ነበር?» ብሎ በአማርኛ መጠየቅ የምትችሉት እናንተ ናችሁ። እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥማችሁ ለሐኪሙ ንገሩ፤ ይጻፍ በሉ፤ አብራችሁ ጻፉ።

ግን ከመጻፋችሁ በፊት ሁለት በር አለ። አንደኛው የሆስፒታላችሁ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ነው። ፋይል ከመክፈታችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁት፤ በሥራ ምክንያት የምታዩትን መዝገብ ለጥናት ማዋል ሌላ ፈቃድ ይጠይቃል። ሁለተኛው በሽተኛው ራሱ ነው። እኛ ትንሽ ማኅበረሰብ ነን፤ «ከዚህ አገር የመጣ፣ በዚህ ዕድሜ፣ በዚህ ሥራ» ተብሎ ከተጻፈ ስሙ ባይጠራም ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ የፈቃድ ቅጹ በሚያነብበው ቋንቋ ይሁን፤ ማንበብ የማይችል ከሆነ ቤተሰቡ ያልሆነ አስተርጓሚ ያንብብለት። ፎቶው የሚወጣ ከሆነ አስቀድማችሁ አሳዩት። ረቂቁ ወደ ጆርናል ከመሄዱ በፊት ስለ እሱ የተጻፈውን በአማርኛ ይስማ፤ «ይህን አውጡልኝ» ያለው ይውጣ። ሲታተምም ቅጂው ይድረሰው።